በቃኝ በሽቦ

ደብረ ታቦር ላይ «በቃኝ» ማለት «ጨምሩልኝ» ማለት ነው። ይህን ሳያውቅ የመጣ እንግዳ ሦስት ቤት ከተጋበዘ አራተኛው ቤት የሚደርሰው ተደግፎ ነው።

ነሐሴ 13 ቀን፣ የከተማችን ስም ራሱ በዓል ሆኖ በሚውልበት ዕለት፣ አክስቴ ቤት ተቀምጫለሁ። ውጭ ዝናብ፣ ከዝናቡ ወዲያ የልጆች ጅራፍ፣ ውስጥ ሙልሙልና ጠላ። ሦስተኛውን ብርጭቆ ስጨርስ «በቃኝ» አልሁ። አክስቴ አልሰማችም አይባልም፤ ጆሮዋ በሦስተኛው ቤት የተጣደ ቡና ይሰማል። ነገር ግን «በቃኝ» ያልሁት በጨዋታ መሀል ነው። «ዝናቡ በረታ» ባልሁበት አፍ፣ «ልጆቹ እንዴት ናቸው» ባልሁበት ድምፅ ወጣ፤ እሷም ከጨዋታው ቆጠረችውና ቀዳችልኝ። «አፈር ስሆን!» አለች። አራተኛው ላይም እንዲሁ። በአምስተኛው መናገሩን ትቼ መዳፌን የብርጭቆው አፍ ላይ ከደንሁት። ይኼኔ ቆመች። ጆጉን እንዳዘነበለች እጄን አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ ደግማ እጄን አየችው።

ከዚያ የሆነውን ኋላ እነግራችኋለሁ። እኔ ግን እጄን እንደከደንሁ ያስታወስሁት ጠላውን ሳይሆን ከዓመታት በፊት ያስለቀሰኝን አንድ ፕሪንተር ነው።

በ1995 ዓ.ም. ግድም አንድ መሥሪያ ቤት አስጠራኝ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ዛሬም ከዚያ ደመወዝ የሚበሉ ዘመዶች አሉኝ። ጥግ ላይ ዕድሜ ብጫ ያደረገው ኮምፒውተር ተቀምጧል። ዊንዶውስ አይደለም፣ ዩኒክስ ነው። አምጥቶ የተከለው ሰው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል፤ የይለፍ ቃሉን ብቻ በጠረጴዛው መሳቢያ የውስጥ ግድግዳ ላይ በእስክሪብቶ ጽፎት ሄዷል። ከማሽኑ ጀርባ አንድ ገመድ ይወጣና ወደ ዶት ማትሪክስ ፕሪንተር ይገባል። ፕሪንተሩ ሲሠራ ጩኸቱ ግቢውን አልፎ አስፋልቱን ይሻገራል። ሠራተኛው ደመወዝ መድረሱን የሚያውቀው በማስታወቂያ ሳይሆን በዚያ ጩኸት ነበር፤ ከማዶ ያለችው ባለ ሻይ ቤት እንኳ የዱቤ ደብተሯን የምትገልጠው ያን ስትሰማ ነው።

ችግሩ ፔሮሉ ነው። አንደኛው ገጽ ያማረ፣ ሁለተኛው ገጽ ያማረ። ከሦስተኛው ገጽ ጀምሮ ግን አይጥ የበላው መጽሐፍ ይመስላል፤ ስሙ ይጎመዳል፣ ቁጥሩ ይቆረጣል፣ አንዳንዱ ሰው ጭራሽ የለም። ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ የተሰደረ ስለሆነ አበበዎችና አለሙዎች በየወሩ በሰላም ይከፈላቸዋል። መከራው ተስፋዬዎች፣ ወርቁዎች፣ ዘውዱዎች ላይ ነው። ገንዘብ ያዧ የጎደለውን በእጇ እየጻፈች ስትሞላ አንጓዋ አብጦ በሻሽ ጠምጥማዋለች።

የቀን ዘበኛው ስማቸው የሚጀምረው በመጨረሻው ፊደል ነው። ጋቢያቸውን አጣፍተው ክፍሉ ድረስ መጡና በር ላይ ቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ ሠሪው አንተ ነህ?»

«አዎ አያ፣ ይግቡ እንጂ።»

«አልገባም። ይኼን ዕቃ ምን ብበድለው ነው ሦስት ወር ሙሉ ስሜን የሚበላው? ሌሊት ዝናብ እንዳይገባበት መስኮቱን የምዘጋለት እኔ አይዶለሁ?»

መልስ አልነበረኝም። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥሁ። ገመዱ በ9,600 ቢት ፍጥነት ይልካል። አንድ ፊደል መጀመሪያና መጨረሻ ምልክቱን ጨምሮ 10 ቢት ይፈጃል፤ እንግዲህ በሰከንድ 960 ፊደል መሆኑ ነው። ፕሪንተሩ የሚመታው በሰከንድ 200 ገደማ ነው። 760ው የት ይሄዳል? ፕሪንተሩ ሆድ ውስጥ ቋት አለ፣ ልክ እንደ ወፍጮ ቤት ቋት፤ 8,192 ፊደል ይይዛል። 8,192 ለ760 ሲካፈል 11 ሰከንድ አይሞላም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ 10,300 ያህል ፊደል ደርሷል። መስመሩ ባለ 80 ፊደል ነው ብንል ወደ 130 መስመር ይሆናል። አንዱ ገጽ ደግሞ 66 መስመር ነው የሚይዘው። ሁለት ገጽ! ከዚያ ወዲያ ከአምስት ፊደል አንዱ ይገባል፣ አራቱ መሬት ላይ ይፈስሳል። ዘበኛችንን የበላቸው ጋኔን ሳይሆን የአራተኛ ክፍል ማካፈል ነበር።

ፕሪንተሩ ሞልቶበት ሳለ ኮምፒውተሩ መቅዳቱን ቀጥሏል ማለት ነው። ወይ ፕሪንተሩ «በቃኝ» አላለም፣ ወይ ብሎ አልተሰማም። ፈረንጆች ይህን ጉዳይ ፍሎው ኮንትሮል ይሉታል። እኛ ቤት ቢሆን ስሙ ይሉኝታ ነው።

እንዲህ ነው ነገሩ። ሲሪያል ፖርት በሚባለው መሰኪያ ፊደሎች በአንድ ቀጭን ሽቦ ተራ በተራ፣ እንደ ቅዳሜ ገበያተኛ አንዱ የሌላውን ተረከዝ እየረገጠ ይሄዳሉ፤ በሌላ ሽቦ ደግሞ መልስ ይመጣል። አርኤስ-232 የሚባለው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካ ውስጥ ነው። በዚህ ደንብ ተቀባዩ «ቆይ» የሚልበት መንገድ ሁለት ዓይነት ሆኖ ቀርቷል።

አንደኛው በአፍ ነው። ተቀባዩ ሲሞላ በመልሱ ሽቦ አንድ ቁጥር ይልካል፣ 19፤ ስሟ ኤክስኦፍ ነው፣ «ቁም» ማለት። ቋቱ ሲቃለል 17ን ይልካል፤ ኤክስኦን፣ «ቀጥል»። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የመጡት ከቴሌታይፕ ነው። ሞዴል 33 የሚባለው ቴሌታይፕ በሰከንድ 10 ፊደል ብቻ የሚጽፍ፣ የተበሳሳ የወረቀት ጥብጣብ የሚያነብ ዕቃ ነበር፤ 19 ሲደርሰው ጥብጣቡን ያቆማል፣ 17 ሲደርሰው ይለቃል። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስን ሲሠሩ ከማሽናቸው ጋር የሚነጋገሩት በእንዲህ ያለ ዕቃ ስለነበር ዛሬም ዩኒክስ ውስጥ ተርሚናል ሁሉ «ቲቲዋይ» ነው የሚባለው፤ ቴሌታይፕ ሞቶ ስሙን አውርሶ። በነገራችን ላይ ቴሌታይፕ እኛንም ያውቀናል፤ ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ የአማርኛ ቴሌፕሪንተር ሠርተው ፊደላችንን በሽቦ ላይ አስኪደዋታል።

ሁለተኛው መንገድ በእጅ ነው። ለፊደሎቹ ከተሰጡት ሽቦዎች ሌላ ለብቻው የተዘረጋ ሽቦ አለ። ተቀባዩ ባዶ ቦታ ሲኖረው ሽቦው ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ ከፍ ያደርጋል፤ ሲሞላበት ያወርዳል። ቃል የለም፣ ቁጥር የለም። ላኪው ከእያንዳንዷ ፊደል በፊት ያን ሽቦ ያያል። ብርጭቆ ላይ የተከደነ መዳፍ ማለት ይኸው ነው።

የአፉን መንገድ ጉድ በዚያው ሳምንት በዓይኔ አየሁት። ጸሐፊዋ የወርድ ሥልጠና ተከታትላ ገና መመለሷ ነበር፤ ከሥልጠናው ይዛ የመጣችው ትልቁ ትምህርት «መብራት ሳይጠፋ ሴቭ አድርጊ፣ ኮንትሮልና ኤስ» የሚል ነው። ዩኒክሱ ላይ ተቀምጣ አምስት መስመር በጻፈች ቁጥር በጥንቃቄ ኮንትሮልና ኤስ ትጫናለች። ኮንትሮልና ኤስ ደግሞ በትክክል ቁጥር 19 ነው። ማሽኑ «ቁም ተባልሁ» ብሎ ይቆማል። ብትጽፍ አይታይም፣ ብትመታው አይመልስም። «ሞተ!» ብላ ትጮኻለች፤ ኃላፊው ይመጡና ሶኬቱን ይነቅላሉ፤ ሥራው ሁሉ ይጠፋል። በማግስቱ የበለጠ ትጠነቀቃለች፤ በየሦስት መስመሩ ኮንትሮልና ኤስ። እኔ ደርሼ ኮንትሮልና ኪው ብጫንላት፣ ማለትም 17ን ብልክለት፣ ታፍኖ የቆየው ጽሑፍ እንደ ክረምት ርብ ወንዝ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጸሐፊዋ አማተበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመሥሪያ ቤቱ የነበረኝ ክብር ቢያንስ ሁለት ወር የሚበቃ ማኪያቶ አስገኝቶልኛል።

ክብሩ ግን ፕሪንተሩን አላዳነውም። በመጽሐፍ ብርታት የእጁን መንገድ መረጥሁ። ኤስቲቲዋይ በሚባለው ትእዛዝ «ሽቦውን እያየህ ላክ» አልሁት። ሠራተኛው ተሰብስቧል፣ ዘበኛውም በሩ ላይ ናቸው። «አትም» አልሁ። ዝም። ጭራሽ አንድ ፊደል የለም። ቀድሞ ሁለት ገጽ ይወጣ የነበረው አሁን ባዶ ሆነ። ገንዘብ ያዧ አፏን በነጠላዋ ይዛ «እንዲያው የቀድሞው ይሻል ነበር መሰለኝ» አለች።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ከመጽሐፍ ጋር ስታገል ቆይቼ የገመዱን ራስ ፈትቼ አየሁ። ከሃያ አምስት እግር ሦስቱ ብቻ ናቸው ሽቦ የገባላቸው፤ መላኪያ፣ መቀበያና መሬት። ገመዱን የሠራው ሰው ቆጥቧል። ማሽኑ «ላክ» የሚለውን ምልክት ጭራሽ ባልተዘረጋ ሽቦ ላይ ሲጠብቅ ኖሯል፤ ወረታ መናኸሪያ ቆሞ የጎርጎራ ጀልባ እንደሚጠብቅ ሰው።

እንግዲያው በአፍ። የፕሪንተሩን ሆድ ከፍቼ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉትን ማብሪያዎች በመርፌ ጫፍ አዟዟርሁ፤ ኮምፒውተሩንም 19ን እንዲሰማ ነገርሁት። ታተመ! ስድስቱም ገጽ ታተመ። ፕሪንተሩ በየመሀሉ ቆም ይላል፣ ይተነፍሳል፣ ይቀጥላል። ዘበኛው ስማቸውን በጣታቸው እያስከተሉ ፊደል በፊደል አነበቡና «ተመስገን፣ ተፋው» አሉ።

በማግስቱ ስማቸው ዳግመኛ ጠፋ።

እዚህ ላይ ነው ያነባሁት። ምክንያቱን ያገኘሁት ከብዙ ሌሊት በኋላ ነው፤ አሮጌ ዩኒክስ ፖርቱን የያዘው የመጨረሻ ፕሮግራም ወጥቶ በሩ ሲዘጋ ያስተማራችሁትን ሁሉ ይረሳል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፈት እንደተወለደ ነው። መፍትሔው፣ የድሮ ሰዎች ሁሉ ያውቁት የነበረው መፍትሔ፣ አንድ ፕሮግራም በሩን እንደከፈተ እዚያው ማስተኛት ነው። ስሙም «ስሊፕ» ነው፤ ተኛ። ለስንት ሰከንድ ተብሎ ሲጠየቅ ዘጠኝ ቁጥርን እጅህ እስኪደክም ትደረድራለህ። ምንም አይሠራም፤ በሩ እንዳይዘጋ በሩ ላይ ይተኛል፣ በቃ።

ይህን ለኃላፊው ሳስረዳ ዘበኛው ከበር ሆነው ሰምተውኛል።

«እንግዲህ» አሉ ወደ ኃላፊው ዞረው፣ «ባለፈው ተኝተው ተገኙ ብለው ማስጠንቀቂያ የጻፉብኝ በአግባቡ አልነበረም ማለት ነው።»

ኃላፊው ወረቀት ያገላብጡ ጀመር። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም መሥሪያ ቤት በር ላይ የተኛ ዘበኛ ሳይ ሰላምታዬ ዝቅ ያለ ነው።

ሁለት ወር በሰላም ሄደ። በሦስተኛው፣ ክረምት ሲገባ፣ መብራት ብልጭ እያለ መጥፋት አመጣ። ኮምፒውተሩ ባትሪ ነበረው፣ ፕሪንተሩ የለውም። ፕሪንተሩ ሞልቶበት 19ን ይልካል፤ ኮምፒውተሩ ይቆማል። መብራት ይጠፋል። መብራት ሲመጣ ፕሪንተሩ ባዶ ሆዱን ይነሣል፤ «ቁም» ማለቱን አያስታውስም፣ ስለዚህ «ቀጥል» አይልም። ኮምፒውተሩ ደግሞ ቃል ሰምቷል፣ ቃል ይጠብቃል። ሁለቱ ተያይተው ያድራሉ፤ አንዱ «አስቁሞኛል» ብሎ፣ ሌላው «ዝም ብሎኛል» ብሎ። እንዲህ ሆነው ሃያ ዓመት የተኮራረፉ ሁለት ወንድማማቾች ፋርጣ ውስጥ አውቃለሁ፤ መነሻው ምን እንደነበር ሁለቱም አያስታውሱም።

በዚያው ሰሞን እሑድ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ቆሜ ማኅሌት እሰማለሁ። በቀኝ አንድ ረድፍ፣ በግራ አንድ ረድፍ። አንዱ ወገን ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል። እኔ ሰውየው ፕሪንተር ካሳበደኝ በኋላ ጸሎቱን ትቼ የማየው ቅብብሉን ሆኗል። የቀኙ ወገን ሲጨርስ «ተራችሁ ነው» አይልም። ቢልማ ኖሮ ግራዎቹ «ተራችሁ ነው»ንም በዜማ ይቀበሉት ነበር! ምልክቱ ከቃሉ ውጪ ነው፤ የመቋሚያው ከፍታ፣ የጸናጽሉ ዕረፍት፣ የከበሮው አመታት፣ የመሪው ዓይን። ዜማው በአንድ መንገድ ይሄዳል፣ ምልክቱ በሌላ። ይህን የተክሌ አቋቋም የሚባለውን፣ የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና የጣና ማዕበል ሲወዛወዝ አይተው አወጡት፣ ልጃቸው ተክሌ አስፋፋው ይባላል። አለቃን ሰው የሚያነሣቸው ለቀልዳቸው ነው። ለእኔ ግን የእጁን ፍሎው ኮንትሮል በትክክል ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው፤ ያውም ከሞቱ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ።

ሰኞ ጠዋት የተሟላ ገመድ ገዛሁ፤ የብየዳ ብረት ተዋስሁ። እዚህ ላይ ግን መጽሐፍ የማይነግራችሁ ነገር አለ፤ ያን ጊዜ የነበሩ ብዙ ፕሪንተሮች «ሞላሁ» የሚሉት በተለመደው እግር ሳይሆን በ20ኛው ነው። ኮምፒውተሩ የሚያየው ደግሞ ባለ ዘጠኝ እግሩ መሰኪያ ላይ 8ኛውን ነው። ከ20 ወደ 8 አንዲት ሽቦ በየድሁ። ነገሩ በቃ ይኸው ነው። የጉና ተራራ ንፋስ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ እርሳሱን ሳይቀልጥ ስለሚያቀዘቅዘው ዘበኛው ጋቢያቸውን ዘርግተው ከለሉልኝ። ሽቦው ከተበየደ በኋላ መብራት ቢጠፋ ሽቦው ይሞታል፣ ኮምፒውተሩ ይቆማል፤ መብራት ቢመጣ ሽቦው ይነሣል፣ ኮምፒውተሩ ይቀጥላል። መብራቱ ሲጠፋ ቋቱ ውስጥ የነበረችው ገጽ ትጠፋለችና እንደገና መታተም አለባት፣ እሷ አትቀርም። የሚታወስ ግን የለም፣ የሚረሳ የለም። እጅ ከብርጭቆው ላይ ከተነሣ ይቀዳል፣ ካልተነሣ አይቀዳም።

ጉዳዩ እዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ዓመታት አለፉ። ማሽኑ ጡረታ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ከአዲስ ላፕቶፕ የአማርኛ የስም ዝርዝር ወደ እሱ በገመድ እንድልክ ታዘዝሁ። ፋይሉን ኖትፓድ ላይ ከፍቼ «ዩኒኮድ» ብዬ አስቀመጥሁት። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትም ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። በዚህ አቀማመጥ እያንዳንዷ ፊደል ሁለት ባይት ናት። ላክሁ። ማሽኑ የሚደርሰውን እያስተጋባ ትንሽ ሄደና ድርቅ አለ። ደግሜ ላክሁ። እዚያው ቦታ ደረቀ። የቆመበትን ቃል አየሁ፤ «ጎንደር» ይላል።

ከርዕሱ ጀምሬ በጥንቃቄ ሞከርሁ። «ደብረ ታቦር» ብዬ ብልክ ያልፋል። «ጎንደር» ብዬ ብልክ በመጀመሪያዋ ፊደል ይቆማል። ምን ዓይነት ጎጠኛ ማሽን ነው አልሁ፤ ደስታዬን ግን አልደበቅሁም። «ወረታ» ያልፋል። «አዲስ ዘመን» ያልፋል። «እስቴ» ያልፋል፣ «ስማዳ» ያልፋል። «ፎገራ» ይቆማል። «ጋይንት» ይቆማል። «ነፋስ መውጫ» «ነ»ን ብሎ ፋ ላይ ይቆማል። «ቴዎድሮስ» ያለ ምንም ችግር ያልፋል፤ ጋፋት ላይ ያሠሩት መድፍ «ሴባስቶፖል» ግን ፖ ላይ ሲደርስ ተቸነከረ። በ1860 ዓ.ም. ያን ሁሉ ገደል ተጎትቶ መቅደላ የደረሰ መድፍ እኔ ሁለት ሜትር ገመድ ላይ አስቀረሁት።

ምስጢሩ የተራ ቁጥር ነው። በዩኒኮድ ሰሌዳ ላይ ከሀ እስከ ደ ያሉት ፊደሎች ከሁለቱ ባይቶቻቸው አንዷ 18 ናት። ከጀ ጀምሮ፣ ማለት ጀ፣ ገ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ፣ ፀ፣ ፈ፣ ፐ፣ ከነቤተሰባቸው፣ ያቺ ባይት 19 ትሆናለች። 19! «ቁም»! አሮጌው ማሽን ፊደል መሆኗን በምን ይወቅ? «ዝም በል ተባልሁ» ብሎ ዝም ይላል፤ ባይቷንም ይውጣታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ፊደል ሁሉ ግማሽ አካሉን ከጎረቤቱ እየተዋሰ ይሄዳል። ጓ የምትባለው ፊደል ደግሞ ሁለቱም ባይቶቿ 19 ናቸው። «ጓደኛ» ብላችሁ ለዚህ ማሽን ብትጽፉለት በአንድ ፊደል ሁለት ጊዜ «ቁም» አላችሁት ማለት ነው። አራት ነጥብም 19 አለባት፤ እሷ እንኳ በአግባቧ ነው፣ ሥራዋ ማስቆም ነውና።

ጎንደር ተወልዶ ያደገ የሥራ ባልደረባ አለኝ። ጠርቼ አሳየሁት። አይቶ አይቶ «የነገሥታት ከተማ ስትጠራ ቆሞ መቀበል የታወቀ ነው» አለኝ። ለዚህ መልስ እስካሁን እየፈለግሁ ነው።

መድኃኒቱ ዩቲኤፍ-8 ነበር። በእሱ ፊደላችን ሦስት ሦስት ባይት ትሆናለች፤ ሦስቱም ከ127 በላይ ስለሆኑ 17ና 19 ዝር አይሉም። ይህን አጻጻፍ ያወጣው ያው ቴሌታይፕ ላይ ዩኒክስን የጀመረው ኬን ቶምፕሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ጀርዚ ውስጥ ከሮብ ፓይክ ጋር እራት እየበላ ሳህን በሚቀመጥበት ወረቀት ላይ ጻፈው። እራት ላይ ይህን ሁሉ ማሰብ የቻለው «አፈር ስሆን» የሚለው ሰው አጠገቡ ስላልነበረ ይመስለኛል።

ዛሬ ማሽኑ የለም። የኮምፒውተር ተማሪዎች አግኝቼ ባለ ዘጠኝ እግሩን መሰኪያ ባሳያቸው «ይኼ የቴሌቪዥን ነው?» ይሉኛል። ነገሩ ግን አልሞተም። ወረዳኔት የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መረብ ራውተሩ ሲታመም ሐኪሙ የሚገባው በጓሮ በር ነው፤ ጠፍጣፋ፣ ውሃ ሰማያዊ ገመድ፣ 9,600 ፍጥነት፣ ያው ሲሪያል። ባለፈው ዓመት አንድ ጎረምሳ ቴክኒሽያን «ራውተሩ እያየኝ አይሰማኝም» ብሎ ደወለልኝ። ፑቲ የሚባለው ፕሮግራም ካልነገሩት በቀር ፍሎው ኮንትሮሉን በኤክስኦን ኤክስኦፍ ነው የሚጀምረው፤ የሲስኮ ራውተር ደግሞ «ምንም» ነው የሚፈልገው።

«ምን ብለህ ሞላኸው?» አልሁት።

«ሴቭ ላድርግ ብዬ ኮንትሮልና ኤስ ተጫንሁ፣ ከዚያ ወዲህ ዝም አለኝ ጋሼ።»

«ኮንትሮልና ኪው በል።»

ጥቂት ዝምታ። ከዚያ በስልኩ ውስጥ የሚያማትብ ሰው ድምፅ ሰማሁ፤ ማማተብ ድምፅ ካለው።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ጆጉን እንዳዘነበለች፣ እጄ ብርጭቆው ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ። ስምንተኛው እግር ሃያኛውን እንደሚያየው አየችኝ። ጆጉን ቀጥ አደረገች። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። «እሺ ልጄ፣ ካልህ እሺ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። እኔም እጄን ሳላነሣ፣ ድል እንዳደረገ ሰው ዙሪያዬን ቃኘሁ።

ከጓዳ ስትመለስ ሁለተኛ ብርጭቆ ይዛለች፤ ሞልታዋለች። ከመዳፌ ጎን አስቀመጠችውና «እሱን ተወው፣ ይኼኛው ሌላ ነው» አለችኝ።